ዘመድ የመሰሉን ቁልፎች፦ የአንድ ቃል የጉዳይ ጥናት

ይህን የምጽፈው አንድ ጥሩ ስህተት ተረስቶ እንዳይቀር ብዬ ነው። ስህተቱን የሠራችው አንዲት ተማሪ ናት፤ አይቼ በቀይ እስክሪብቶ "በጣም ጥሩ" ብዬ ያሳለፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ እውነቱን ከተናገርን የኔ ይብሳል። ስሟንም የምትማርበትንም ቦታ አልጠቅስም። "ስሜን ካላነሱ እንደፈለጉ ይጻፉት ጋሼ" ብላኛለች።

ነገሩ የተጀመረው ዕቃ ቤት በር ላይ ነው

ልጅቷ አራት ዓመት አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ውስጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። እዚያው ቤት ከእሷ ሌላ አንዲት ፊሊፒናዊትና አንዲት ኢንዶኔዥያዊት ይሠሩ ነበር። ሦስቱም የሚግባቡት በተሰባበረ ዓረብኛ ነው።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር። እመቤቲቱ ጠዋት ጠዋት ለአንዳቸው ትሰጣለች፣ ማታ ትቀበላለች። ቁልፉ ማን ዘንድ እንደዋለ ማወቅ በዚያ ቤት ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ ስኳርም ሩዝም የልብስ ሳሙናም ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። በቀን አሥር ጊዜ "ቁልፉስ?" ይባላል። የኛዋ በልቧ ቁልፍ እያለች በአፏ ሚፍታሕ ትላለች። ፊሊፒናዊቷ ስትናደድ ዓረብኛው ይጠፋትና "ሱሲ! ሱሲ!" ትላለች። ኢንዶኔዥያዊቷ ደግሞ "ኩንቺ"።

ሱሲ፣ ኩንቺ። ልጅቷ ያኔውኑ በደብተሯ ጻፈቻቸው። ሁለቱም በ"ኢ" ያልቃሉ፣ አንዱ ጋ "ሲ" ሌላው ጋ "ቺ" አለ፣ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ሌሎች ብዙ ቃላት ይጋራሉ፤ አምስት ሁለቱም ጋ "ሊማ" ነው፣ ዓይን ሁለቱም ጋ "ማታ" ነው። እና ቁልፍስ ለምን አንድ አይሆንም?

ከዓመታት በኋላ አገሯ ገብታ የቋንቋ ትምህርት ጀመረች። አንድ የቤት ዕቃ መርጣ፣ ስሙን በአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ እንድትከታተል የቤት ሥራ ተሰጣት። ደብተሩን ከሻንጣ አወጣችው።

ቤተሰቡ

አውስትሮኔዥያ የሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ግዙፍ ነው። ከ1,200 በላይ ቋንቋዎች አሉት። መነሻው ታይዋን እንደሆነ አብዛኛው አጥኚ ይስማማል፤ ጊዜውም ከዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በጀልባ በጀልባ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ የፓሲፊክ ደሴቶች፣ ሃዋይ፣ ኒውዚላንድ ደርሷል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የኛው ሰፈር የሕንድ ውቅያኖስ ላይ ማዳጋስካር አለች። አፍሪካ ናት ብለን እናልፋለን እንጂ የማላጋሲ ቋንቋ የቅርብ ዘመዶቹ ያሉት ቦርኒዮ ደሴት ላይ ነው። ኦቶ ክርስቲያን ዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው በ1951 እ.ኤ.አ. ማላጋሲን ከቦርኒዮው የማአንያን ቋንቋ ጋር አነጻጽሮ ያሳየው ይህንኑ ነው።

እና ልጅቷ የሰበሰበችው የሚከተለውን ነው። በማላይኛና በኢንዶኔዥያኛ ኩንቺ። በጃቫኛም ኩንቺ፣ በሱንዳኛ ኮንቺ። በፊሊፒንሱ ታጋሎግ ሱሲ። በዚያው አገር በሴቡዋኖ ያዊ። በጉዋም ደሴት ቻሞሮ ያቢ። በማላጋሲ ላኪሌ። በሃዋይኛ ኪ፣ በኒውዚላንዱ ማኦሪ ኪ፣ በሳሞአኛም ኪ።

ስህተቱ

ሠንጠረዡን ስታመጣው ታሪኩን ጨርሳው ነበር። ጥንት "ኪ" የምትል ሥር ነበረች፤ ፓሲፊክ ላይ እንዳለች ቀረች፣ ማዳጋስካር ላይ ላ-ኪ-ሌ መሃል ተሸሸገች፣ ማላይኛ ላይ "ቺ" ሆነች፣ ታጋሎግ ላይ ደግሞ "ሲ" ሆና ተለሳለሰች። "ክ" ወደ "ች"፣ "ች" ወደ "ስ" መለሳለሱ በብዙ ቋንቋ የሚታይ ነገር ነው። ያምራል አይደል? እኔም አመንኩ። ያዊና ያቢን ግን የትም ማስገባት ስላልቻለች "ልዩ" ብላ ከታች አሰፈረቻቸው። እኔም "ልዩ" የሚለውን ሳይ መጠራጠር ነበረብኝ፤ አልተጠራጠርኩም።

ወረቀቱን ያየ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ነገሩን ያፈረሰው። ቡናውን እየጠጣ አንዴ አየና "ይሄ ቁልፍ የዛሬ አምስት ሺህ ዓመት ታይዋን ውስጥ የትኛውን በር ነበር የሚከፍተው?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ምን ልበል?

መጀመሪያ ቅማልን ጠየቅን

ልጅቷን ጠርቼ "ተሳስተናል፤ ከሥር እንጀምር" አልኳት። አኩርፋ ነበር፤ አልፈርድባትም።

መጀመሪያ ያደረግነው ዝምድናቸው የማያጠራጥር ቃላትን መውሰድ ነው። ሰው ተሸክሟቸው የሚዞራቸው፣ ከማንም ሊዋሳቸው የማያስፈልገው ዓይነት፦ ዓይን፣ እሳት፣ እንጨት፣ ቅማል። አዎ፣ ቅማል። ቅማል ከሰው ጋር ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ነው ደሴት ለደሴት የዞረው፤ ስሙም አብሮት ዞሯል።

ማላይኛ ኩቱ ይላል። ታጋሎግ ኩቶ። ማኦሪ ኩቱ። ሃዋይኛ ላይ ግን ኡኩ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ጉሮሮ ቆም የሚልባት ድምፅ አለች። ዩኩሌሌ የሚባለውን ትንሽ ጊታር ታውቁታላችሁ? ስሙ "ዘላይ ቁንጫ" ማለት ነው ይባላል፤ ኡኩው ያ ነው። ማላጋሲ ደግሞ ሃው ይላል።

ከዚህ ከቅማል ብቻ ሕጉ ወጣ። የጥንቱ "ክ" ማላይኛ፣ ታጋሎግና ማኦሪ ላይ "ክ" ሆኖ ይቆያል። ሃዋይኛ ላይ ወደ ጉሮሮ ማቆሚያ ይለወጣል። ማላጋሲ ላይ "ህ" ይሆናል። አንዴ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ እንለው ነበር፤ ግን እንጨትም ማላይኛ ላይ ካዩ፣ ታጋሎግ ላይ ካሆይ፣ ማላጋሲ ላይ ሃዙ ነው። ቆዳም ማላይኛ ላይ ኩሊት፣ ማላጋሲ ላይ ሁዲትራ። "ህ" በየቦታው ሰዓቷን ጠብቃ ትመጣለች።

በሉ አሁን ቁልፍን አምጡት። ኩንቺ ከጥንት የተወረሰ ቢሆን ኖሮ ታጋሎግ ላይ በ"ክ" መጀመር ነበረበት። ሱሲ በ"ስ" ይጀምራል። ማላጋሲ ላይ ደግሞ "ህ" መስማት ነበረብን፤ ላኪሌ ውስጥ ግን "ክ"ዋ ሳትነካ ቁጭ ብላለች። አለቀ። ሁለቱ ከኩንቺ ጋር ዝምድና የላቸውም።

የሃዋይና የማኦሪ ነገር

ይህችኛዋን ልጅቷ ራሷ ናት ያገኘችው። እኔ በጣም ከምወዳቸው አንዷ ስለሆነች ትንሽ ልቆይባት።

ሃዋይኛና ማኦሪ ቅርብ ዘመድ ናቸው። የማኦሪ "ት" ሃዋይኛ ላይ "ክ" ይሆናል፤ የማኦሪው "ታፑ" (የተከለከለ፣ የተቀደሰ) ሃዋይኛ ላይ "ካፑ" ነው። የማኦሪ "ክ" ደግሞ፣ ቅማል ላይ እንዳየነው፣ ሃዋይኛ ላይ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች "ኪ" እና "ኪ" የሚል ቃል ካገኛችሁ፣ መመሳሰሉ ራሱ ነው አጠራጣሪው።

ሦስት ቃል ጎን ለጎን አስቀመጠች። "አለ፣ ተናገረ" ማለት ማኦሪ ላይ ኪ ነው፤ ሃዋይኛ ላይ ኢ፣ ከነጉሮሮዋ። ትክክል፣ በሕጉ። ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነና ደሴቶቹ ላይ ለብዙ ነገር የሚውል ተክል ደግሞ ሃዋይኛ ላይ ኪ ይባላል፤ ማኦሪ ላይ ያ ስም ቲ ነው። ይህም በሕጉ። ቁልፍ ግን ማኦሪም ላይ ኪ፣ ሃዋይኛም ላይ ኪ። ሕጉን አልፎ የገባ ነው። ለውጡ ካበቃ በኋላ በበሩ የገባ እንግዳ ማለት ነው፤ እንግዳውም የእንግሊዝኛው "ኪ" ነው። ሳሞአኛማ ጨርሶ ያጋልጣል፤ በመደበኛው አነጋገር "ክ" የሚሰማው ከሞላ ጎደል በተውሶ ቃል ላይ ብቻ ነው።

ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ቁልፉ የሚገባበት መዝጊያው ማኦሪ ላይ ራካ፣ ሃዋይኛ ላይ ላካ፣ ሳሞአኛ ላይ ሎካ ነው። እንግሊዝኛው "ሎክ" ነዋ። ማኦሪ "ል" ስለሌለው "ር" አደረገው። የአሜሪካ ሚስዮናውያን ሃዋይ የገቡት በ1820 እ.ኤ.አ. ነው፤ መዝጊያ፣ ቁልፍና ፊደል የመጣው ከነጮቹ መርከቦች ጋር በአንድ ዘመን ነው።

ሱሲ ከየት መጣ?

ልጅቷ ለዚያች ፊሊፒናዊት ጓደኛዋ ደወለች። አሁንም እዚያው አገር ናት። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናገር። ጓደኛዋ የሴቡ ሰው ስለሆነች ከታጋሎግ በተጨማሪ የራሷን ቋንቋም ታውቃለች፤ የኛዋ ልጅ "በናንተ ቋንቋ ቁልፍ ያዋ ነው አይደል?" ብላ ጠየቀቻት። ከወዲያ በኩል ጸጥታ። ከዚያ ሳቅ፣ የማያልቅ ሳቅ። ያዊ ነው ቁልፍ። ያዋ ሰይጣን ነው፤ ከባድ ስድብም ነው። አንዲት አናባቢ ናት ያዋረደችን።

ያዊ የመጣው ከስፓኒሽ ነው፤ ስፓኞቹ ቁልፍን "ያቤ" ይሉታል። የጉዋሙ ያቢም እሱው ነው። ልጅቷ "ልዩ" ብላ የጣለቻቸው ሁለቱ ነበሩ ግልጹ ተውሶ! ታጋሎግም ይህንኑ የስፓኒሽ ቃል ወስዶታል፤ ግን ሊያቤ ብሎ የመካኒክ መፍቻ አደረገው። ለበር ቁልፍ አላስፈለገውም፤ ሱሲ ቀድሞ ቦታውን ይዞ ነበርና። የተንጠልጣዩን ቁልፍ፣ ጓጉንቸሩን ማለቴ ነው፣ ስሙን ግን ከስፓኞቹ ወሰደ፦ ካንዳዶ።

ሱሲ የቻይና ነው። ከደቡብ ቻይና ከፉጂያን ጠረፍ የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሆክየን ይናገራሉ፤ ማኒላ ላይ ከስፓኞች በፊትም በኋላም ነበሩ። በሆክየን ቁልፍ "ሶ-ሲ" ነው። "ሶ" መዝጊያው ነው። "ሲ" ምን ይመስላችኋል? ማንኪያ! የመዝጊያ ማንኪያ።

ይህን ሳነብ ሌላ ቃል ትዝ አለኝና ልጅቷን እንደገና አስደወልኳት። "ድስት ላይ ዓሣ የምትገለብጪበትን ምን ትይዋለሽ በያት።" መልሱ ወዲያው መጣ፦ ሲያንሴ። ሆክየኑ "ቺየን-ሲ" ነው፤ የመጥበሻ ማንኪያ። የሱሲ "ሲ" እና የሲያንሴ "ሴ" አንድ ማንኪያ ናቸው። ቁልፉና መገልበጫው የመጡት ከአንድ ሰፈር ነው፤ ቶዮ የሚሉት የአኩሪ አተር መረቅም፣ ፓንሲት የሚሉት ምግብም ከዚያው ነው። አንድ ቃል ብቻውን ሲታይ ይዋሻል፤ አብረውት የመጡት ሲቆጠሩ ግን መንገዱ ይታያል።

ኩንቺስ?

ኩንቺ የሕንድ ነው። በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ቁልፍ ኩንቺካ ይባላል፤ ቃሉ "መታጠፍ፣ መቆልመም" ከሚል ግሥ ነው የወጣው። የድሮ ቁልፍ ቆልማማ ብረት እንደነበር ስሙ ራሱ ይናገራል። ማላይኛ ከሳንስክሪት መዋስ የጀመረው በጣም ቀደም ብሎ ነው፤ ሱማትራ ላይ የተገኘው በ683 እ.ኤ.አ. የተቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ እንኳ በሳንስክሪት ቃላት የተሞላ ነው።

የገረመን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማላይኛ ቃሉን ወስዶ ቤተሰብ አበጀለት። ኩንቺ ብቻውን መዝጊያውንም ይሆናል። መክፈቻው ሲፈለግ "አናክ ኩንቺ" ይባላል፤ የቁልፍ ልጅ። መዝጊያው ደግሞ "ኢቡ ኩንቺ" ይሆናል፤ የቁልፍ እናት። እኛ አማርኛ ላይ መዝጊያውንም መክፈቻውንም የሸሚዙንም ቁልፍ ብለን በአንድ ቃል እንገላገላለን። እነሱ እናትና ልጅ አድርገው ለዩት።

ቃሉ እዚያም አልቆመም። የመካኒክ መፍቻ ኢንዶኔዥያ ላይ "ኩንቺ ኢንግሪስ" ነው፤ የእንግሊዝ ቁልፍ። የፈተና መልስ "ኩንቺ" አለው። "ጁሩ ኩንቺ" ማለት ቁልፍ ያዥ፣ የመቃብር ወይም የተቀደሰ ቦታ ጠባቂ ነው፤ እግር ኳስ ላይ ደግሞ ከሊጉ መጨረሻ የተቀመጠውን ቡድን እንዲሁ ይሉታል። የሜራፒ እሳተ ገሞራ ጁሩ ኩንቺ የነበሩት ሽማግሌ፣ ምባ ማሪጃን፣ ተራራው ጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ አልሸሽም ብለው እዚያው ሞቱ። ከሕንድ የተዋሱት ቆልማማ ብረት እስከዚህ ድረስ ነው አገሬውን የመሰለው።

ላኪሌ፣ ወይም ለገሃር

ማላጋሲው ላይ ስንደርስ ደክሞኝ ስለነበር ፈረንሳይኛው "ላ ክሌ" እንደሆነ ቶሎ ነግሬያት ላልፍ ነበር። ማዳጋስካር በ1896 እ.ኤ.አ. ነው የፈረንሳይ ቅኝ የሆነችው፣ ከዚያ በፊትም የንግድ ግንኙነት ነበር ምናምን እያልኩ።

"ላ"ስ ምንድን ናት አለችኝ። በፈረንሳይኛ ከሴት ስም ፊት የምትቆም ቃል ናት፤ የስሙ አካል አይደለችም አልኳት። ሰሚው ግን ሁልጊዜ አብራ ስለምትመጣ የቃሉ ራስ ትመስለዋለች።

ትንሽ አሰበችና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለገሃር ነው!" አለች።

ነው! "ላ ጋር" ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያው። የጅቡቲ ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገባ ስሙም አብሮ ገባ፣ "ላ"ዋም ከነስሙ ተሰፋች። ዛሬ "ለገሃር ጣቢያ" ስንል ጣቢያን ሁለቴ እየጠራን ነው፤ ማንም ግን አይሰማውም። እዚህ ሰፈራችን ላይ የሆነው እዚያ ማዳጋስካር ኩሽና ውስጥ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ለቀመቻቸው። ጠረጴዛ ላታባትራ ነው፤ ላ ታብል። ሻማ ላቡዚያ፤ ላ ቡዢ። ሾርባ ላሱፒ። ሻይ ደግሞ ዲቴ፣ ወይን ዲቫይ፤ እዚያ ላይ የተሰፋችው "ዱ" የምትለዋ ናት። የሞሪሸስ ክሬዮልም በተመሳሳይ መንገድ ላክሌ፣ ላታብ፣ ዲቴ ይላል፤ በሁለቱ ደሴቶች መሃል ሰውም ዕቃም ሲመላለስ ነው የኖረው። የእንግሊዝ ሚስዮኖች ትምህርት ቤት የከፈቱበት ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ቃል ትቷል፤ መጽሐፍ ማላጋሲ ላይ ቡኪ ነው። ኩሽናው የፈረንሳይ፣ ጥቁር ሰሌዳው የእንግሊዝ።

ያልሠራልን

መጀመሪያ ያልሠራው ዓይንና ጆሮ ነው። ሱሲና ኩንቺ ይመሳሰላሉ ማለት ምንም ማለት እንዳልሆነ ገባን። መመሳሰል ጥያቄ ያስነሳል እንጂ መልስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ የቃላት ዝርዝሮች። ማላጋሲ ላይ ላኪሌ ብቻ ነበር የጻፉት። በኋላ የተሻለ መዝገበ ቃላት ስናይ ሌላ ቃል አገኘን፦ ፋናላሂዲ። "ሂዲ" መዝጊያ ነው፣ "ፋናላ" ማንሻ፣ ማስወገጃ። መዝጊያ ማንሻ። ፈረንሳዩ ሳይጠየቅ አገሬው ራሱ ያበጀው ስም አለ ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

ይህ ደግሞ የባልደረባዬን ጥያቄ ትንሽ ገራው። "ዕቃው እንግዳ ከሆነ ስሙም እንግዳ ነው" የሚል ሕግ ይዘን ልንሮጥ ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥ ሉዞን ደሴት ላይ ኢሎካኖዎች ቁልፍን ቱልበክ ይሉታል፤ ጎረቤታቸው ታጋሎግ ከቻይና፣ ሌላው ጎረቤት ከስፓኞች ሲወስድ እነሱ በራሳቸው ቃል ቀሩ። ዕቃ ይመጣል፣ ስም ግን አንዳንዴ እዚያው ይሠራለታል።

ሦስተኛው ሽንፈት የመጣው ልጅቷ ጎበዝ ከሆነች በኋላ ነው። በራሷ ሳሙናን ሞከረች። ማላይኛ ሳቡን፣ ታጋሎግ ሳቦን። "ተውሶ ነው፤ ታጋሎግ ከማላይኛ ወሰደው" ብላ መጣች። ተውሶ መሆኑ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን አይደለም። ማላይኛ የወሰደው ከዓረብኛው "ሳቡን" ነው። ታጋሎግ የወሰደው ከስፓኒሽ ነው፤ ዛሬ "ሐቦን" የሚሉት ያኔ "ሻቦን" ነበር። ስፓኒሹም ዓረብኛውም ግን ወደ ኋላ ሲኬድ አንድ የላቲን ቃል ጋ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት በተለያየ መርከብ ተሳፍረው ዓለምን ዞረው አንድ ሰፈር ላይ የተገናኙ የአክስት ልጆች ናቸው። የኛ ሳሙናም ከዓረብኛው ወገን ነው። ለጠረጴዛም እንዲሁ ነው፤ ማላይኛው ሜጃ ከፖርቱጋል፣ ታጋሎጉ ሜሳ ከስፓኝ።

ለሌላ ቃል የሚሆነው

አሁን አንድ ተማሪ የቃል ሠንጠረዥ ይዞ ሲመጣ የማደርገው ተለውጧል። ስለ ቃሉ ሳልጠይቅ ስለ ዕቃው እጠይቃለሁ፦ ማን ሠራው፣ ማን አመጣው፣ ከእሱ በፊት በምን ይሠሩ ነበር። ቀጥሎ ቅማሉን አስመጣለሁ፤ ማለትም ጥርጥር የሌላቸውን አሥር ቃላት ጽፎ፣ ድምፁ ከቋንቋ ቋንቋ እንዴት እንደሚለወጥ እንዲያሳየኝ። ሕጉ ሳይታወቅ "ይመሳሰላሉ" የሚል ሰው አላዳምጥም፤ ራሴንም ጭምር።

ሕጉን የሚጥስ ቃል ሲገኝ አንጣለው፤ ሀብቱ እዚያ ነው። "ልዩ" ብለን ከታች ያሰፈርናቸው ያዊና ያቢ ቀድመን ብናያቸው ኖሮ ሌላው ሁሉ በአንድ ቀን ይገለጥ ነበር። ተውሶ መሆኑ ከታወቀም በኋላ ከማን የሚለው ሌላ ሥራ ነው፤ ለዚያ አብረው የገቡትን ቃላት መፈለግ ነው። መክፈቻ ከመዝጊያው፣ ቁልፍ ከመገልበጫው፣ ሻማ ከጠረጴዛው ጋር።

ሰውንም መጠየቅ። መዝገበ ቃላቱ ሲያንሴን ከሱሲ ጋር አላገናኘልንም፤ ድስት አጠገብ የቆመች ሴት ናት ቃሉን የሰጠችን። ስትጠይቁ ብቻ አናባቢዋን ተጠንቀቁ።

ሠንጠረዡ ተስተካክሎ ገባ። ቀይ እስክሪብቶዬን ግን አላነሳሁም፤ በእርሳስ ነው ያረምኩት።

ልጅቷ አሁን ሹካ ላይ ናት። ኢንዶኔዥያኛው ጋርፑ ከፖርቱጋልኛው ጋርፎ፣ ታጋሎጉ ቲኒዶር ከስፓኒሹ ቴኔዶር። የኛ ሹካ ደግሞ ከዓረብኛ ነው፤ ትርጉሙ እሾህ ነው። ባለፈው ሳምንት ስትመጣ ገና ሠንጠረዡን ሳትዘረጋ "ከሹካ በፊት በምን ነበር የሚበሉት ብዬ ለሁለቱም ደወልኩላቸው" አለችኝ።

"እና ምን አሉሽ?"

"በእጅ ነዋ አሉኝ። እንዳንቺው።"